ቲላፒያ መርዝ ነው የሚሉን ሰዎች ቱና እየበሉ ነው

ቲክቶክ ላይም ቴሌግራም ላይም በየጊዜው ተመልሶ የሚመጣ ወሬ አለ፣ «ቲላፒያ እንዳትበሉ፣ በላብራቶሪ የተሰራ ነው፣ አጥንት የለውም፣ ቆዳ የለውም፣ ተፈጥሮ ውስጥ አይገኝም» የሚል። ይሄንን ለኢትዮጵያዊ መንገር ራሱ ያስቃል፣ ምክንያቱም ቲላፒያ የሚሉት የኛው ቆሮሶ ነው፣ ሀዋሳ አሞራ ገደል፣ ዝዋይ፣ ጣና ዳር ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ የሚቀርበውና እሾሁን እየለቀማችሁ የምትበሉት። አጥንት የለውም የሚለው ሰውዬ ፓኬት ውስጥ ያለ ፊሌቶ ብቻ ነው ያየው ማለት ነው። እስራኤል ያላችሁም አምኖን እያላችሁ የምትገዙት እሱኑ ነው፣ ቤት ሸአን ሸለቆ ኩሬ ውስጥ ሲረባ አይታችሁ ይሆናል።

ሌላኛው ወሬ «ቲላፒያ ከቤከን (ከአሳማ ስጋው) ይብሳል» የሚለው ነው፣ እሱ ግን መነሻ አለው። በ2008 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ የሚሰሩ ተመራማሪዎች የእርባታ ቲላፒያ ውስጥ ኦሜጋ 6 ከኦሜጋ 3 (ሁለቱም የስብ ዓይነቶች ናቸው) በልጦ አገኘነው ብለው ጻፉ፣ ያወዳደሩት የስቡን ዓይነት ነበር፣ ዜናው ላይ ሲደርስ ግን አሳው ራሱ ከቤከን የባሰ ተደርጎ ወጣ። 100 ግራም ጥሬ ቲላፒያ ውስጥ እኮ ስቡ በሙሉ ተደምሮ 2 ግራም አይሞላም። ኦሜጋ 3 ፍለጋ ከሆነ የምትበሉት አዎ ቲላፒያ ደካማ ነው፣ ሳልመን ወይ ሰርዲን ብሉ፣ ከዚያ አልፎ መርዝ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እና መርዙን በቁጥር እንየው። አሳ ላይ በጣም የሚፈራው ሜርኩሪ ነው፣ የሚለካው በፒፒኤም ነው፣ 1 ፒፒኤም ማለት በኪሎ 1 ሚሊግራም፣ ማለትም 10 ኩንታል ጤፍ ውስጥ 1 ግራም ነገር እንደ መበተን ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድሃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) ለዓመታት ሰብስቦ ባወጣው ሰንጠረዥ የቲላፒያ አማካይ 0.013 ነው፣ ሳልመን 0.022፣ የእርባታም የዱርም የሚሸጠው ካትፊሽ (የኛ አምባዛ ዘመዱ ነው) 0.024። ቱና ጋ ስትሄዱ ደግሞ በቆርቆሮ የሚሸጠው «ላይት» የሚባለው 0.126፣ ነጩ «አልባኮር» የሚባለው 0.350፣ ሻርክ 0.979፣ ሶርድፊሽ የሚሉት ባለ ሰይፉ አሳ 0.995። ቲላፒያ አልበላም ብሎ ነጭ ቱና የሚከፍት ሰው እንግዲህ ሜርኩሪውን ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ አሳድጎታል ማለት ነው፣ ቱናው ደግሞ በአብዛኛው የዱር አሳ ነው፣ የእርባታ አይደለም።

ሂሳቡን ትንሽ እንግፋው፣ ምክንያቱም ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም። የአውሮፓው የምግብ ደህንነት ባለስልጣን (ኤፍሳ) አንድ ሰው በሳምንት ቢወስደው ችግር የለውም የሚለው የሜቲል ሜርኩሪ (አሳ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በብዛት በዚህ መልክ ነው) መጠን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1.3 ማይክሮግራም ነው። 70 ኪሎ ከሆናችሁ 91 ማይክሮግራም። 200 ግራም ቲላፒያ ውስጥ 2.6 ማይክሮግራም ገደማ አለ፣ ስለዚህ ጣሪያውን ለመንካት በሳምንት 35 ሳህን መብላት አለባችሁ፣ ያኔ ከሜርኩሪው በፊት ሌላ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ያንኑ 200 ግራም ከሶርድፊሽ ብትበሉት 199 ማይክሮግራም ነው፣ በአንድ ቀን ምሳ የሳምንቱን እጥፍ አለፋችሁት። ነጭ ቱና 120 ግራም 42 ይሆናል፣ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ለልጅማ የሰውነቱ ኪሎ ስለሚያንስ ሂሳቡ ወዲያው ነው የሚሞላው፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ድርሻው በሳምንት 26 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቱና ብቻውን ያልፈዋል።

ለምንድነው እንዲህ የሚለያዩት? ሜርኩሪ ከድንጋይ ከሰል ጭስ፣ ከወርቅ ማውጫ፣ ከእሳተ ገሞራም ተነስቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ከታች ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ያደርጉታል፣ እሱን አልጌው (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴው ነገር) ይይዘዋል፣ አልጌውን ጥቃቅን ነፍሳት፣ ነፍሳቱን ትንሽ አሳ፣ ትንሹን ትልቁ፣ እና በየደረጃው የሚበላው የበፊቱን ሁሉ እያጠራቀመ ይሄዳል ምክንያቱም ሜቲል ሜርኩሪ ስጋው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል እንጂ ቶሎ አይወጣም። እኛም ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ወደ 50 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ አሳው ላይ መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፣ ምን ይበላል እና ስንት ዓመቱ ነው። ቆሮሶ አልጌ በላተኛ ነው፣ እርባታ ላይ ደግሞ አኩሪ አተርና በቆሎ የበዛበት መኖ ነው የሚሰጠው፣ ከዚያ ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ለገበያ ይደርሳል። ለማጠራቀም ጊዜውም የለው፣ የሚያጠራቅመውም የለው። ሶርድፊሽ አዳኝ ነው፣ ዓመታት ይኖራል።

«የዱር አሳ ንጹህ ነው» የሚለው ነገርም እዚህ ላይ ይፈርሳል፣ ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሀዋሳ ሀይቅ ላይ በተሰሩ ጥናቶች ቆሮሶው ሜርኩሪው ዝቅተኛ ሆኖ ሲገኝ ትልልቁ ባርበስ (ቢልጫ የሚባለው) ግን ከ0.5 ፒፒኤም የሚያልፍ ተገኝቶበታል። ያው አንድ ሀይቅ ነው፣ ያው ውሃ ነው፣ ልዩነቱ ቢልጫ ሲያድግ ሌላ አሳ ስለሚበላ ነው። ትልቅ ቢልጫ በየቀኑ ካልበላችሁ ሰማይ አይደፋም፣ እርጉዝ ሴት ግን ቆሮሶውን ብትመርጥ ነው የሚሻላት። ኤፍዲኤ ራሱ ለእርጉዞች አሳ ተዉ አይልም፣ ሜርኩሪው ዝቅ ያለውን በሳምንት ከ227 እስከ 340 ግራም ብሉ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ለጽንሱ አእምሮ የሚጠቅመው ነገርም አሳው ውስጥ ነው ያለው። ይሄ እየተረሳ «አሳ ሜርኩሪ አለው» ብቻ ተሰምቶ ጭራሽ የሚተዉ እናቶች አሉ፣ እሱ ትክክል አይመስለኝም።

እሺ ሜርኩሪው ላይ እርባታው አሸነፈ። ሁሉም ላይ ግን አላሸነፈም፣ የሳልመንን ታሪክ ማወቅ ጥሩ ነው።

በጥር 2004 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ፣ ከተለያየ አገር ወደ 700 የሚጠጋ ሳልመን ሰብስበው ለኩ፣ የእርባታው ሳልመን ውስጥ ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል ከዱሩ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ፣ ወደ 37 ፒፒቢ ለ5 (ፒፒቢ የፒፒኤም አንድ ሺኛ ነው)። የአውሮፓው ከሁሉም የባሰ ነበር፣ የቺሊው የተሻለ። ፒሲቢ ድሮ ለትራንስፎርመር ዘይትና ለመሳሰሉት የሚመረት የነበረ ነው፣ ማምረቱ ከታገደ ቆየ፣ ግን አይበሰብስም፣ ስብ ውስጥ ይኖራል። በሽያጭ ሕጉ ከሄድን የኤፍዲኤ ጣሪያ 2000 ፒፒቢ ስለሆነ ሁለቱም ከጣሪያው በታች ነበሩ፣ ተመራማሪዎቹ ግን የተጠቀሙት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ካንሰርን አስቦ ያወጣውን በጣም ጥብቅ መመሪያ ነበር፣ ስለዚህ አንዱ «አደገኛ ነው» አንዱ «ምንም አይልም» እያለ ዓለም ተጯጯኸ፣ ሁለቱም አልዋሹም።

ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ከመኖው ነው። ያኔ ሳልመን የሚበላው በአብዛኛው ከባህር የተጠመደ ትንንሽ አሳ ተፈጭቶና ዘይቱ ወጥቶ ነበር፣ ኖርዌይ ውስጥ በ1990 ከመኖው 90 በመቶው ከባህር የመጣ ነበር። ከአውሮፓ ባህር በሚወጣው የአሳ ዘይት ውስጥ ፒሲቢና ዳይኦክሲን (እሱም እንደ ፒሲቢ ስብ ውስጥ የሚቀመጥ መርዝ ነው) ነበረ፣ በቃ ዘይቱ ውስጥ ያለው ሁሉ አሳው ውስጥ ገባ። በኋላ የባህር አሳው ዋጋ ሲወደድና ጭቅጭቁም ሲበዛ መኖውን ወደ አኩሪ አተርና ወደ ጎመን ዘር ዘይት አዞሩት፣ 2013 ላይ ከባህር የሚመጣው ወደ 30 በመቶ ወርዷል። ውጤቱ? በ2017 ኖርዌይ ውስጥ ሲለኩት የእርባታው ሳልመን በዳይኦክሲንም በፒሲቢም በሜርኩሪም ከዱሩ አትላንቲክ ሳልመን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ድረስ ግን የ2004ቱን ዜና አንስተው «የእርባታ ሳልመን መርዝ ነው» የሚሉ አሉ፣ መኖው ከተቀየረ ስንት ዓመቱ።

ይሄ መጽዳት ግን በነጻ አልመጣም፣ እኔን የሚገርመኝም እሱ ነው። ቆሻሻውን ያመጣው የባህር ዘይት ኦሜጋ 3ንም ያመጣው እሱ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ከ2006 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የእርባታ ሳልመን ኦሜጋ 3 በግማሽ ወረደ፣ ማለትም ድሮ በአንድ ቁራጭ የምታገኙትን አሁን ሁለት ቁራጭ መብላት ነው። ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድንም እንደዚሁ፣ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ላይ 100 ግራም የዱር ሳልመን 36.5 ማይክሮግራም ሲኖረው የእርባታው 24 ነው። ስቡ ግን ከ6 ግራም ወደ 13 ግራም ወጥቷል፣ ስብ የበዛበት መኖ ነዋ የሚበላው።

እዚህ ላይ ማዕድኑን እናንሳ። አሳ ሲባል ሁሉ ሰው ካልሲየም ይመስለዋል፣ ፊሌቶ ውስጥ ግን ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል፣ 100 ግራም ቲላፒያ 10 ሚሊግራም፣ ጤፍ እኮ 180 አለው። የአሳ ካልሲየም አጥንቱ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ከነአጥንቱ የሚበላው ሰርዲን 382 ሚሊግራም ይሰጣችኋል፣ አጥንቱን ለቅማችሁ ከጣላችሁት ካልሲየሙንም ጣላችሁት። ብረትም ብዙ የለውም፣ ቲላፒያ ውስጥ ከ1 ሚሊግራም ያነሰ ነው፣ ደም አነሰኝ ብላችሁ ቲላፒያ ላይ ብትተማመኑ አያዋጣም። አዮዲንም ቢሆን የባህር አሳ ነገር ነው፣ የሀይቅና የኩሬ አሳ በአብዛኛው ትንሽ ነው ያለው፣ እንቅርት የሚፈራ ሰው አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀም። ታዲያ ቲላፒያ ምን አለው? ሴሊኒየም። 100 ግራም ውስጥ ወደ 42 ማይክሮግራም አለ፣ አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 55 ነው፣ በአንድ ቁራጭ ሶስት አራተኛውን ጨረሳችሁ። ሴሊኒየም ለታይሮይድ ይጠቅማል፣ ደግሞ ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ሴሊኒየምን ይዞ ስራ ማስፈታት ስለሆነ ሴሊኒየሙ የበዛ ሜርኩሪው ያነሰ አሳ ጥሩ ምርጫ ነው። ከዚያ ፎስፈረስና ፖታሲየም አለ፣ 170 እና 302 ሚሊግራም ገደማ፣ ለጤነኛ ሰው ደህና ነው፣ ለኩላሊት ታማሚ ግን ሂሳብ ውስጥ የሚገባ ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን እርባታው በእውነት የሚታማበት ጋ እንምጣ፣ እሱም መድሃኒቱ ነው። አሳ ኩሬ ውስጥ ተጨናንቆ ሲኖር ይታመማል፣ ሲታመም አርቢው አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ ይጨምራል፣ ፈንገስ ከያዘው ማላካይት ግሪን የሚባል አረንጓዴ ቀለም ይደፋበታል፣ ርካሽ ነው፣ ይሰራል፣ ግን ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር ለሚበላ አሳ የተከለከለ ነው። ወደ ሌላ መልክ ተቀይሮ ስቡ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብታበስሉትም አይጠፋም። ሰኔ 2007 ላይ ኤፍዲኤ ከቻይና የሚመጣ የእርባታ ካትፊሽ፣ ባሳ፣ ሽሪምፕ፣ ዴስና ኢል (እባብ የሚመስለው አሳ) ላብራቶሪ ካላለፈ አይገባም ብሎ ያገደው በማላካይት ግሪንና እንደ ናይትሮፉራን ባሉ የባክቴሪያ መድሃኒቶች ምክንያት ነው። ልብ በሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ቲላፒያ አልነበረም። «ቻይና አሳ የሚያረቡት በሰገራ ነው» የሚባለው ነገርም ሙሉ ፈጠራ አይደለም፣ በብዙ አገር የዶሮ ወይ የአሳማ ፍግ ኩሬ ውስጥ ይጨመራል፣ እኛ አገርም ዶሮ ቤቱን ኩሬው ላይ የሚሰሩ አሉ፣ ግን ሀሳቡ ፍጉ አልጌውን እንዲያሳድግ ነው፣ አሳው ደግሞ አልጌውን እንዲበላ። ባክቴሪያውን እሳት ይገድለዋል። ዶሮዋ የወሰደችው መድሃኒት ግን በፍጉ በኩል ኩሬው ውስጥ ከገባ እሳት ምንም አያደርገውም፣ እኔ የምፈራው ይሄንን ነው። ኖርዌይ ከዚህ የወጣችው በክትባት ነው፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሳ እየከተቡ አንቲባዮቲኩን ወደ ምንም አወረዱት። ቺሊ ግን አሁንም ብዙ ትጠቀማለች፣ ሳልመን ስትገዙ አገሩን ማየት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

አገር ቤትስ? አገር ቤት የምንበላው አሁንም በአብዛኛው የሀይቅ አሳ ነው፣ እርባታው ገና ነው፣ በዐቢይ ጾም ጊዜ (አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ውስጥ የለሁበትም) ፍላጎቱ ሲጨምር ግን ኩሬ የሚቆፍር ሰው እየበዛ ነው። መኖው ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ የእህል ጥራጊ ነው። ሜርኩሪ አያመጣም፣ ግን ሌላ ጣጣ አለው፣ የኑግ ፋጉሎ እርጥብ ቦታ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ያወጣል፣ አዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተገኘውም ከዚሁ ፋጉሎ ነበር። አሳ ላይ አፍላቶክሲን መጀመሪያ የሚመታው ጉበቱን ነው፣ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በእርባታ ትራውት ላይ የጉበት ካንሰር ሲፈነዳ ምክንያቱ የሻገተ የጥጥ ፍሬ መኖ ሆኖ ተገኝቷል። ቆሮሶ ከትራውት ይበረታል፣ ቢሆንም የሻገተ መኖ ለከብት ካልሆነ ለአሳ ይሆናል ማለት የለበትም።

ከመኖው የባሰው ግን ውሃው ነው። ኩሬው ከምንጭ ነው የሚሞላው ወይስ ፋብሪካ ካለፈበት ወንዝ? ቆቃን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከሞጆ በኩል የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከነክሮሚየሙ ይገባበታል፣ ውሃው ደግሞ በወቅቱ አረንጓዴ ቀለም ይሆናል፣ ያ አረንጓዴ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሲሆን ማይክሮሲስቲን የሚባል የጉበት መርዝ ያወጣል፣ መፍላት አያጠፋውም። ደግነቱ ማይክሮሲስቲኑም እርሳሱም ካድሚየሙም ስጋው ላይ ሳይሆን በብዛት ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ አንጀቱና የሚተነፍስበት ቀዩ ነገር ላይ ነው የሚቀመጡት። ሆድ ዕቃውን ሳይሰነጥቁ ማውጣት፣ ጭንቅላቱን ሾርባ ከማድረግ በፊት ያንን ቀይ ነገር ነቅሎ መጣል ከንቱ ስራ እንዳይመስላችሁ፣ እውነተኛ ልዩነት አለው።

ወጥ ቤት ውስጥ ምን ይረዳል ለሚል፣ እንደ ቆሻሻው ዓይነት ነው። ፒሲቢና ዳይኦክሲን ስብ ውስጥ ስለሆኑ የሳልመኑን ቆዳ ማንሳት፣ ሆዱ አካባቢ ያለውን ስብ መቁረጥ፣ ስቡ እየተንጠባጠበ እንዲወርድ አድርጎ መጥበስ ይቀንሳል፣ የወረደውን ስብ መልሶ ወጥ ማድረግ ግን ከንቱ ነው። ሜርኩሪ ስጋው ፕሮቲን ውስጥ ስለሆነ ቆዳ ብታነሱ፣ ሎሚ ብታሹት፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ንቅንቅ አይልም፣ ያለው መፍትሄ ትንሽ መብላት ወይ ሌላ አሳ መምረጥ ነው። ሎሚና ጨው ሽታ ነው የሚያጠፋው። ጥሬውን የምትበሉ ደግሞ፣ ሀዋሳ ላይ እንደሚወደደው፣ እሱ የትል ጉዳይ ነው እንጂ የሜርኩሪ ጉዳይ አይደለም፣ ዳጣ ትል አይገድልም፣ እሳት ወይ ጠንካራ ፍሪዘር ነው የሚገድለው።

ገልፍ ያላችሁ፣ ከነዓድ ወይ ኪንግፊሽ የምትሉት ትልቅ አዳኝ የባህር አሳ ነው፣ ጣፋጭ ነው አልክድም፣ ግን በየቀኑ የሚበላ አይደለም፣ በተለይ ልጅ ካላችሁ ወይ እርጉዝ ከሆናችሁ፣ በመሀል በመሀል በሰርዲን ቀያይሩት። ባሳ ወይ ፓንጋሲየስ የሚባለው ነጭ ፊሌቶ ከቬትናም ሜኮንግ የሚመጣ እርባታ ነው፣ ሜርኩሪው ዝቅተኛ ነው፣ ሴሊኒየሙም ኦሜጋ 3ውም ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ርካሽ ፕሮቲን ብላችሁ ግዙት።

የኩላሊት ታማሚ ጉዳይ ላይ እመለሳለሁ ብያለሁ። ፍሪዘር ውስጥ ያለ ፊሌቶ፣ ባሳም ቲላፒያም፣ ብዙ ጊዜ ውሃ እንዲይዝና ክብደቱ እንዲጨምር ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ጨው) ውስጥ ይነከራል፣ ሌብሉ ጀርባ ላይ «ሶዲየም ትራይፖሊፎስፌት» ወይ ኢ451 ብሎ ይጻፋል። የተጨመረ ፎስፌት ደግሞ አሳው ራሱ ካለው ፎስፈረስ በላይ ሰውነት ውስጥ በቀላሉ ይገባል፣ ጨውም አለው። ዲያሊስስ ላይ ያለ ሰው ወይ ሐኪም ፎስፈረስ ቀንስ ያለው ሰው ሌብሉ ላይ «አሳ» ብቻ የሚል ፓኬት ይፈልግ። በመጥበሻ ላይ ብዙ ነጭ ውሃ የሚለቅና የሚሸበሸብ ከሆነም ምናልባት የተነከረ ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ፊሌቶው መሀል ያለው መስመር ከሳምንት በኋላም ደማቅ ቀይ ሆኖ ከቆየ ቀለሙ እንዳይጠፋ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል ጋዝ የተነፋ ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ይፈቀዳል አውሮፓ ግን አይፈቀድም፣ መርዝ አይደለም፣ ግን በቀለሙ ትኩስነቱን እንዳትለኩት፣ አሽትቱት።